ማኅተም አደራ አንቀበልም

በፑዚ ከተማ፣ በጽሕፈት መሣሪያ ሱቅና በጥርስ ሐኪም መሃል የተሸጎጠች ጠባብ ቢሮ አለች። መስተዋቷ ላይ «ዮው ሱቺን፣ ሰነድ አረጋጋጭ» ይላል። ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ሴትዮዋ በገዛ እጇ በቀይ ቀለም የጻፈችው ሰሌዳ ቆሟል፦ «ማኅተም አደራ አንቀበልም።»

ሰሌዳው ያላሳቀው ሰው የለም። በእኛ በጂያዪ ዳርቻ ማኅተም የሌለው ሰው አይገኝማ። ስምህ ጣት በምታህል እንጨት ላይ ይቀረጻል፤ ቀይ ቀለም ነክረህ ወረቀቱ ላይ ታሳርፋለህ፤ በቃ፣ አንተ ነህ። ባንክ በማኅተም ነው፣ የቤት ኪራይ በማኅተም ነው፣ ፖስታ ቤት የአደራ ደብዳቤ ሲመጣ የሚወጣው በማኅተም ነው። እና ሰው ሁሉ የሚስቱን፣ የእናቱን፣ የጎረቤቱን ማኅተም ኪሱ ከትቶ ይዞራል። ሱቺን ዘንድ ግን ይህ አይሠራም።

«እናትህ የት አሉ?»

«ቤት ናቸው፣ ጉልበታቸውን አሟቸው። ማኅተማቸውን ይኸው ሰጥተውኛል።»

«ሂድና መልስላቸው። ከዚያ እኔ ቤታቸው እመጣለሁ።»

«ወይዘሮ ዮው፣ ማኅተሙ እኮ እውነተኛ ነው!»

ይህችን ቃል የተናገረ ሰው ወዮለት። ሱቺን ከመቀመጫዋ ተነሥታ በሩን ትከፍትለታለች፤ እስኪወጣም ድረስ እጀታውን አትለቅም። ሰተት ብሎ የገባው ሰውዬ በምን እንዳስቀየማት ሳይገባው መንገድ ላይ ራሱን ያገኘዋል።

በሩን ያለፈውም ቢሆን በቀላሉ አይላቀቃትም። ሰነዱን ከላይ እስከ ታች ጮክ ብላ ታነብለታለች፤ ስትጨርስ «እስቲ አሁን ያነበብኩት ምንድን ነው? ካፍዎ ልስማ» ትላለች። መመለስ ካቃተው እንደገና ከመጀመሪያው። ሌሎቹ ሰነድ አረጋጋጮች ሦስት ባለጉዳይ በሚሸኙበት ጊዜ እሷ አንዱን ታደርቀዋለች። ከተማው «ካፍዎ ልስማ» የሚል ስም አወጣላት፤ ገበያ ስትወጣ ነጋዴው ሁሉ «ዛሬ ጎመኑ ጥሩ ነው፣ ካፌ ይስሙ!» እያለ ይቀልድባታል። እሷም ትስቃለች፤ ምክንያቱን ግን ለማንም ተናግራ አታውቅም።

ምክንያቱ ቂም ነው። አርባ አምስት ዓመት ሙሉ ያደረ፣ አንድም ቀን ያላሸለበ ቂም።

አባቷ ዮው አሹይ ባሕሩ ጫፍ ላይ የዓሣ ኩሬ ነበረው። ሱቺን አሥር ዓመት በሆናት ክረምት ከሰሜን ክፉ ብርድ ወረደ። በኛ አገር ብርድ ሰውን አይገድልም፤ ዓሣን ግን ይፈጃል። አባትና እናቷ እስከ ወገባቸው ውኃ ውስጥ ገብተው ሆዱን ገልብጦ የተንሳፈፈውን ዓሣ በቅርጫት ይለቅማሉ። ሱቺን ዳር ላይ የአባቷን ጃኬት ይዛ ቆማለች። በዚያ መሃል ቹዋንግ ዋንላይ በሞተር ብስክሌት መጣ። ዋንላይ የመንደሩ ራፖር ጻፊ ነው፤ የመሬት ወረቀት በሙሉ በሱ እጅ ያልፋል። ከአሹይ ጋርም በባሕር አምላኳ በማዙ መቅደስ ደጃፍ ወንድማማች ሊሆኑ ተማምለዋል።

«አሹይ! ፖስታ ቤት የአደራ ደብዳቤ መጥቶልሃል። ከታናሽህ ሳይሆን አይቀርም፣ ከጦር ሰፈሩ። ማኅተምህን ስጠኝና ላምጣልህ!»

«ተባረክ ወንድሜ፣ እኔማ ዛሬ ከዚህ ውኃ የት እወጣለሁ! ሱቺን፣ ከጃኬቱ ኪስ አውጪና ለአጎትሽ ስጪው።»

ሱቺን አውጥታ ሰጠችው። በገዛ እጇ። ዋንላይ ጉንጯን ቆንጠጥ አድርጎ ከረሜላ አስጨበጣት።

ማኅተሙ በሦስተኛው ቀን ተመለሰ። «ሰልፉ አይጣል ነው» አለ ዋንላይ። ደብዳቤውም አብሮ መጣ፤ ከታናሽ ወንድሙ የተላከ እውነተኛ ደብዳቤ። ሰውዬው ውሸት እንኳ አልዋሸም። ሁለት ወር ቆይቶ ግን ከመሬት አስተዳደር ሌላ ወረቀት መጣ፤ ዮው አሹይ ኩሬውን ወዶና ፈቅዶ ለቹዋንግ ዋንላይ እንዳስተላለፈ ይናገራል። ከታች ቀይ ማኅተም አለ።

አሹይ ተከራከረ። ሱቺን የእናቷን ቀሚስ ይዛ የችሎቱ የኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ዳኛው ወረቀቱን ከፍ አድርጎ ሲያሳይ ከዚያ ሆና አየችው።

«ይህ ማኅተም ያንተ ነው?»

«የኔ ነው ጌታዬ። ቃሉ ግን የኔ አይደለም።»

«ቃል ምልክት የለውም» አለ ዳኛው። «ማኅተሙ እውነተኛ ነው።»

በዚያው አለቀ። ከዚያ በኋላ ዋንላይ ያደረገው ነገር ከስርቆቱ ይብሳል። አሹይን በገዛ ኩሬው ላይ ዘበኛ አድርጎ ቀጠረው። «ወንድሜ እኮ ነው፣ ሜዳ ላይ አልጥለውም» እያለ በየድግሱ ያወራ ነበር። አሹይ ልጆች ነበሩት፣ ሌላ ሙያ አልነበረውም፤ እሺ አለ። አሥራ አንድ ዓመት የራሱን ኩሬ ለሌላ ሰው ጠብቆ በዘበኛ ጎጆው ውስጥ ሞተ። መንደሩ አፉን ይዝጋ እንጂ ምላሱ አልታዘዘም፤ ኩሬውን ዛሬም ድረስ ሰው ሁሉ «የአሹይ ኩሬ» ነው የሚለው። ዋንላይ ራሱ ሠራተኛ ሲልክ «የአሹይ ኩሬ ውኃው ጎድሏልና ክፈትለት» ነበር የሚለው፤ ሌላ ስም የለውማ።

አሹይ በሕይወት ሳለ የሚላት አንዲት ነገር ነበረች፦ «ኩሬውንስ ይብላው። ያንተ ነበር ሲል ካፉ ብሰማ ይበቃኝ ነበር።» አልሰማም። ሱቺን ከአባቷ የወረሰችው ሀብት ይህች ናት፤ ከዚያች ማኅተም ጋር።

ሕግ ስትማር ሰዎች ዳኛ ትሆናለች ብለው ነበር። ዳኛ መሆን አልፈለገችም፤ ዳኛ የሚመጣው ነገር ከተበላሸ በኋላ ነው። ሰነድ አረጋጋጭ ግን ቀድሞ ይደርሳል፤ ማኅተሙ ወረቀቱን ከመንካቱ በፊት ሰውዬውን ዓይን ዓይኑን እያየ ቃሉን ይሰማል። ፈተናውን አራት ጊዜ ወደቀች፣ በአምስተኛው አለፈች። የአባቷን ማኅተም መሳቢያዋ ውስጥ አስቀመጠች፣ ሰሌዳዋን ጠረጴዛው ላይ አቆመች፣ ሥራዋን ጀመረች።

ባለፈው ዓመት በጸደይ አንድ ጧት ስልክ ተደወለ።

«ሰነድ አረጋጋጭ ዮው? ቹዋንግ ጂንሁዎ እባላለሁ። አባታችን ኑዛዜ ሊያደርጉ ነው፣ ከአልጋ አይነሡም፤ ቤት ድረስ ይመጡልን ይሆን?»

«የአባትዎ ስም?»

«ቹዋንግ ዋንላይ።»

ብዕሯ ወረቀቱን በሳው። ድምፅዋ ግን እንደ ወትሮው ነበር።

«መናገር ይችላሉ?»

«ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሶ ነበር፤ አንደበታቸው ትንሽ ይከብዳል። ግን ሁሉ ነገር ይገባቸዋል፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ! እኔ አስረድቻቸዋለሁ፣ ኩሬው ለኔ ነው። እርስዎ ያነቡላቸዋል፣ እሳቸው ይነቀንቃሉ፣ ማኅተማቸውን ደግሞ እኔ…»

«ማኅተሙን እንዳይነኩ» አለች። «ማክሰኞ ጧት እመጣለሁ።»

ስልኩን ዘግታ የሕጉን መጽሐፍ አወጣች። በቃሏ ታውቀዋለች፤ ግን በጣቷ እየዳሰሰች ማየት ፈለገች። ሰነድ አረጋጋጭ ለራሷ ጉዳይ አትሠራም፣ ለባሏ አትሠራም፣ ለዘመዶቿ አትሠራም፣ ጥቅም ባላት ነገር እጇን አታስገባም። ስለ ጠላት የተጻፈ የለም። ሕግ አውጪዎቹ ጠላትን ረስተውታል። እንዲያውም ያለ በቂ ምክንያት ባለጉዳይ መመለስ ክልክል ነው ይላል። ሱቺን ብቻዋን ሳቀች።

ያሳቃት ቀጥሎ ያለው ነበር። ኑዛዜ የሚያደርግ ሰው ቃሉን በሁለት ምስክሮች ፊት ከገዛ አንደበቱ ማውጣት አለበት። ራስ መነቅነቅ ቃል አይደለም፤ በመነቅነቅ የተሠራ ኑዛዜ ፍርድ ቤት ሲደርስ እንደሚፈርስ እሷ ታውቃለች፣ ጂንሁዎ አያውቅም። እና አሳቧን ቆረጠች። ትሄዳለች፤ ራስጌው ትቀመጣለች፤ «ካፍዎ ልስማ» ትለዋለች፤ ዝም ሲል ደጋግማ ትለዋለች፤ ከዚያ ቦርሳዋን ዘግታ ትወጣለች። ቃል የለም፣ ኑዛዜ የለም። ኩሬው ለሦስት ልጆች እኩል ይካፈላል፤ ሽማግሌው ሴት ናቸው ብሎ የገፋቸው ሁለቱ ሴቶች ልጆቹ ድርሻቸውን ይይዛሉ፤ ጂንሁዎ ኩሬው ላይ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ ሊያስተክል ያሰበው ሁሉ ውኃ ይበላዋል። አንዲት ፊደል ከሕግ ሳትወጣ።

ከዚህ የባሰም አምሯት ነበር፤ ለምን እንዋሻለን። መነቅነቁን እንደ ቃል ቆጥራ ብትጽፍለትስ? ሽማግሌው ተደስቶ ይሞታል፤ ሴቶቹ ልጆች ይከሳሉ፤ ኑዛዜው ይፈርሳል፤ ቤተሰቡ አሥር ዓመት እርስ በርሱ ይባላል። ይህን አሳብ እሑድን ሙሉ አፏ ውስጥ ስታገላብጠው ዋለች፤ ጣዕሙ ግሩም ነበር። ነገር ግን ወረቀቱ ላይ የሚያርፈው የሷ ማኅተም ነው። እውነተኛ ማኅተም፣ ያልተነገረ ቃል። ዋንላይን ለመቅጣት ዋንላይ መሆን አንገፈገፋትና ተወችው።

ማክሰኞ ጧት ስትደርስ ጂንሁዎ ሻይ አስቀድቶ ጠበቃት። ዋንላይ ሳሎኑ ውስጥ በተዘረጋ አልጋ ላይ ተኝቷል። ያ ደልዳላ ሰውዬ ከስቶ ቆዳው አጥንቱ ላይ ቀርቷል። ግራ እጁ አንጓ ላይ በክር የታሰረች ትንሽ ቀይ ከረጢት አለች።

«እሷ ምንድን ናት?»

«ማኅተማቸው» አለ ጂንሁዎ እያፈረ። «ለማንም አይሰጡም። ሐኪም ቤት እንኳ እንፍታልዎ ብንል ነከሱን።»

አይሰጥም እንጂ፣ የተሰጠ ማኅተም ምን እንደሚሆን ከሱ በላይ ማን ያውቃል አለች ሱቺን በሆዷ። መታወቂያውን ተቀብላ ከፊቱ ጋር አስተያየችው።

«ምስክሮቹ የታሉ?»

«ባለቤቴና ትልቁ ልጄ።»

«አይሆኑም። የወራሽ ሚስትና ልጅ በኑዛዜ አይመሰክሩም።»

«ታዲያ ሰው ከየት ላምጣ?»

«ከመንገድ ማዶ» አለች።

ከመንገድ ማዶ አሮጊቷ አታዎ ከበራቸው ተቀምጠው ዛጎል እየፈለቀቁ ነበር። የመንደሩ ሹምም እዚያው አጠገባቸው ቆሞ ወሬ ይሰልቃል። ሁለቱም ተጠሩ። አታዎ የረጠበ ጓንታቸውን እንዳጠለቁ፣ መፈልቀቂያ ቢላቸውን እንደጨበጡ ገቡ።

«ቢላውን ውጭ ይተዉት፣ አክስት።»

«ለዚህ ሰውዬ አፍ መክፈቻ ያስፈልግ ይሆናል ብዬ ነዋ!» አሉ አታዎ። ሹሙ ሳቁን በሳል ሸፈነው።

ጂንሁዎንም አስወጣችው። «ሐሳቡ የራሳቸው መሆን አለበት፤ እርስዎ እያሉ አይሆንም።» ወጣ፤ ግን መስኮቱ ሥር ቆመ። ሱቺን አልጋው አጠገብ በርጩማ ስባ ተቀመጠች። ይህን ወንበር አርባ አምስት ዓመት ጠብቃዋለች።

«አጎት ዋንላይ» አለች በመንደሩ ቋንቋ፣ ቃሉን ሰተር አድርጋ። «ሰነድ አረጋጋጭ ነኝ። ስሜ ዮው ሱቺን ነው።»

አታዎ «ውይ!» ብለው አፋቸውን በረጠበው ጓንት ያዙ። የሽማግሌው ዓይን ከጣሪያው ወርዶ ፊቷ ላይ ቆመ።

«ኑዛዜ ለማድረግ ጠርተውኛል። ምን ንብረት አለዎት? ለማን ይሰጣሉ?»

ዋንላይ ነቀነቀ።

«መነቅነቅ አልጽፍም። ካፍዎ ልስማ።»

እንደገና ነቀነቀ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ሱቺን ቁጭ ብላ አየችው። አፉ ሲጣመም፣ አንገቱ ሲገተር፣ ዓይኑ ሲለምን። አባቷም ችሎት ፊት እንዲህ ነበር፤ ቃል ነበረው፣ የሚቀበለው አጣ። ቸኮለች ማለት አይቻልም፤ ደስታውን አጣጥማ ነበር የምትጠጣው። ሰዓቷን አየች። ደንቧ ሦስት ጊዜ መጠየቅ ነው፤ ለማንም የማታጓድለው ደንብ። ሁለቴ ጠይቃለች። ቦርሳዋን ዘግታ ብትነሣ ማንም አይጠይቃትም ነበር። ግን ለመንገደኛው ሁሉ የጠበቀችውን ደንብ ለዚህ ሰው ብላ ማጉደል ውርደት መሰላት።

«ለመጨረሻ ጊዜ ነው፣ አጎት። ምን ንብረት አለዎት?»

የሽማግሌው ጉሮሮ ተንጎራጎረ።

«አ… አሹይ» አለ። «የአሹይ… ኩሬ።»

ሱቺን ጻፈች። ቃል በቃል፣ ካፉ እንደወጣ።

ከመስኮቱ ጂንሁዎ ጮኸ፦ «አባባ! የመሬቱን ቁጥር ይበሉ! ቁጥሩን! ለጂንሁዎ ይበሉ!»

«ዝም በል!» አለው ሹሙ።

«ለማን ይሰጣሉ?» አለች ሱቺን።

ዋንላይ ፊቷን እንዳየ ነበር። ዓይኑ ውኃ ሞላ፤ ከሕመሙ ይሁን ከሌላ ማንም አያውቅም።

«ለአሹይ» አለ። አሁን ቀለል አለለት። «የአሹይ ኩሬ፣ ለአሹይ።»

አታዎ ድምፅ አውጥተው አለቀሱ። ሱቺን ግን እንባ አልመጣላትም። ሰማሁ አለች በሆዷ። አባባ፣ ካፉ ሰማሁልህ። የጀመረችውን መስመር አየችው፤ «ለአሹይ» ብላ ብትጨርሰው፣ ከሥሩ «ለወራሾቹ» የምትል አንዲት ቃል ብትጨምር… እና እዚያው ላይ ብዕሯን አስቀመጠች። አሹይ ሞቷል፤ ከወራሾቹ አንዷ እሷ ናት። ከዚህች ቅጽበት ጀምሮ ይህ ጉዳይ የሷ ጉዳይ ነው፤ በራሷ ጉዳይ ደግሞ አትጽፍም። ሕጉ ጠላቷ ቤት እንድትገባ ፈቅዶላት ነበር፤ የአባቷን ስም ስትሰማ ግን ውጪ አላት።

ተነሣች። ጂንሁዎ በሩን በርግዶ ገባ።

«ጨረሱ?»

«አልጨረስኩም፤ አልጨርስምም። ከጉዳዩ ተነሥቻለሁ።»

«ለምን? ተናገሩ አይደል እንዴ!»

«ተናገሩ። የተናገሩት ስም የአባቴ ነው።»

ጂንሁዎ አንዴ እሷን፣ አንዴ አታዎን አየ። አታዎ ጭንቅላታቸውን ወደ ላይ ወደ ታች አደረጉለት።

«ይቃዣሉ!» አለ ጂንሁዎ። «ታመዋል፣ ስም ተቀላቅሎባቸው ነው!»

«አእምሯቸው ተቃውሶ ከሆነ ኑዛዜ ሊያደርጉ አይችሉም። ደኅና ከሆኑ ደግሞ ያሉትን ብለዋል። አንዱን ይምረጡልኝ።»

ጂንሁዎ ወደ አባቱ ዞረ።

«ሌላ ሰነድ አረጋጋጭ ቢያስጠሩ ሙሉ መብት አለዎት» አለች ቦርሳዋን እየዘጋች። «ስልክ ልስጥዎ? እሱ ፊትም እንዲህ ያሉ እንደሆነ ግን ይጽፈዋል፤ አሹይ የሱ አባት አይደለማ።»

«ሌላ ማንም እዚህ አይመጣም!» አለ ጂንሁዎ፤ ደሙ ፊቱ ላይ ወጣ። «ደግሞ አንቺ እንዲህ በነፃ አትሄጂም! እከስሻለሁ። አልሠራም ያልሽበትን ምክንያት በጽሑፍ ትሰጪኛለሽ! መብታችን ነው አይደል? በጽሑፍ፣ በማኅተምሽ!»

እንዲህ ያለ ስጦታ ከቹዋንግ ቤት ይወጣል ብላ ሱቺን በሕልሟም አላሰበችም።

«መብታችሁ ነው» አለች። «ምስክሮች፣ ሲጠይቀኝ ሰምታችኋል?»

«ሰምተናል!» አሉ አታዎ፣ ሁለቴ ሳይጠየቁ።

በዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ቢሮዋ ገብታ ጻፈችው። እልህ ውስጥ ሆና የጻፈችው ግን አይመስልም፤ አንድ የስድብ ቃል የለውም፣ አንድ ቅጽል እንኳ የለውም። «ጠያቂው ቹዋንግ ዋንላይ፣ ከዚህ በታች በተጠቀሱት ሁለት ምስክሮች ፊት፣ ምን ንብረት እንዳላቸው ሲጠየቁ ከገዛ አንደበታቸው ‘የአሹይ ኩሬ’ ብለዋል። ለማን እንደሚሰጡ ሲጠየቁ ‘ለአሹይ’ ብለዋል። ዮው አሹይ የሰነድ አረጋጋጯ ሟች አባት ናቸው። ስለዚህ ሰነድ አረጋጋጯ በጉዳዩ ጥቅም ያላት ሆና በመገኘቷ ሰነዱን ልታዘጋጅ አትችልም።» ከታች ማኅተሟን አሳረፈች። ጮክ ብላ ለራሷ አነበበችው፤ ሲያልቅ እንደገና ከመጀመሪያው። ለአባቷ ነበር የምታነበው።

ጂንሁዎን ጠርታ በእጁ ልትሰጠው ትችል ነበር፤ ቢሮዋ ከቤቱ ሃያ ደቂቃ ነው። አላደረገችውም። ፖስታው ላይ የተቀባዩን ስም «ቹዋንግ ዋንላይ» ብላ ጻፈች፤ ፖስታ ቤት ወርዳ በአደራ ላከችው።

ስለ ጉዳዩ ለማንም ቃል አልተነፈሰችም። ሰነድ አረጋጋጭ የባለጉዳይ ምስጢር አያወጣም፤ ገበያ ውስጥ «ካፌ ይስሙ!» ሲሏት ጎመኗን ገዝታ ዝም ብላ ትሄዳለች። አታዎን ግን የሚያስረው ሕግ አልነበረም፤ ሳምንት ሳይሞላ ከባሕሩ ዳር እስከ ፑዚ ዋንላይ ያለውን ያልሰማ አልቀረም።

ከዚያ አንድ ሐሙስ አታዎ ደወሉ።

«ሱቺን ልጄ፣ ስሚኝማ!»

«አክስት፣ ስለዚያ ነገር ምንም መናገር አልችልም።»

«ማን ተናገሪ አለሽ? ጆሮሽን ስጪኝ ነው ያልኩሽ። ያ ደብዳቤሽ መጣልሽ። ፖስተኛው ማኅተም አለ። ጂንሁዎ እጁን ዘረጋ፦ ‘አባባ፣ የአደራ ደብዳቤ መጥቶልዎታል፣ ማኅተምዎን ይስጡኝና ላምጣልዎ!’ ይኸን ቃል ሲሰማ ሽማግሌው ምን እንደሆነ ብታዪው! ያችን ከረጢት ደረቱ ላይ አጥብቆ ያዛት። ይጎትቱታል፣ አይለቅም። ይለምኑታል፣ አይለቅም።»

«እሺ።»

«ሰኞ ዕለት ግን ተኝቶ ሳለ ልጁ ክሩን በመቀስ ቆረጠው። ደብዳቤሽን አውጥቶ አነበበና እንደ ኖራ ነጣ አሉ። ማኅተሙንም አልመለሰም፤ ሌላም የሚሠራበት ነገር ሳይኖረው አይቀርም። ሽማግሌው ሲነቃ እጁን አየው፤ ከረጢቷ የለችም። ከዚያ ወዲህማ ምኑን ልንገርሽ፣ ሌት ተቀን ‘ማኅተሜ! ማኅተሜን!’ ነው። ከታመመ እንዲህ ጥርት ያለ ቃል ካፉ ወጥቶ አያውቅም። ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። እኔ እንኳ አንጀቴ ተላወሰ፣ የኔ ነገር!»

የሱቺን አንጀት አልተላወሰም። ጠብቃ አየችው፤ አልተላወሰም። መሳቢያዋን ስባ የአባቷን ማኅተም አወጣችና መዳፏ ላይ አስቀመጠቻት። ቀዝቃዛ ነበረች።

«ሰኞ ነው የወሰደው አሉኝ?»

«ሰኞ። ይኸው ዛሬ ሦስት ቀን።»

«እንግዲያው ዛሬ ይመልስለታል፣ አክስት» አለች ሱቺን። «ለአባቴም በሦስተኛው ቀን ነው የተመለሰለት።»